ስንቅ የሌለው ዘር፦ ቀዝቃዛ አየር የሚወዱ ኦርኪዶችን ከዘር ስለ ማብቀል

ክቡራትና ክቡራን፣

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት ነጭ ወረቀቶች ተራ በተራ እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። በአንደኛው ላይ ያለችው አንዲት የጤፍ ፍሬ ናት። በሁለተኛው ላይ ያለው፣ አንድ ሰው አቧራ የነካ ጣቱን ጠርጎበት የሄደ የሚመስለው ቡናማ ነገር፣ ኦርኪድ የሚባለው የአበባ ተክል ዘር ነው፤ ቆጥሬው ባላውቅም ከብዙ ሺህ አያንስም። እኛ ጤፍን የትንሽነት መለኪያ አድርገን ያደግን ሰዎች ነን፤ ስሟ ራሱ ከእጅ ካመለጠች ከመጥፋቷ የመጣ ነው ሲባል ሰምተናል። ይሁን እንጂ አንዲት የጤፍ ፍሬ የአንድ ሚሊግራም ሲሶ ያህል ስትመዝን፣ የአብዛኞቹ ኦርኪዶች ዘር ከጥቂት ማይክሮግራም አይበልጥም። ጤፏን በሚዛን አንድ ወገን ብናስቀምጣት፣ እርሷን ለማመጣጠን በሌላው ወገን የምንደፋው የኦርኪድ ዘር በአሥርና በመቶ የሚቆጠር ይሆናል።

ጤፍም ሆነ ስንዴ፣ ባቄላም ሆነ አተር፣ እናቲቱ ልጇን ወደ አፈር ስትሸኝ ስንቅ ቋጥራለት ነው። በዘሩ ውስጥ ያለችው ፅንስ ትንሽ ናት፤ የቀረው ክፍል ቅጠል አውጥታ ከፀሐይ ብርሃን ምግቧን መሥራት እስክትጀምር ድረስ የምትቀለብበት ስታርች፣ ዘይትና ፕሮቲን ነው። እኛ እንጀራ ብለን የምንቆርሰውም በአብዛኛው ይህንኑ የልጅ ስንቅ ነው። ኦርኪድ ግን ልጇን ያለ ስንቅ ትሰድዳለች። ዘሩን በማጉያ መነጽር ስትመለከቱት እንደ መረብ የተሠራ ስስ ከረጢት ታያላችሁ፤ በመካከሉም አንዲት ጠብታ የምትመስል ፅንስ ተንጠልጥላለች። ይህች ፅንስ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ በሚደርሱ ሴሎች የተሠራች ናት፤ ሥር የላትም፣ ቅጠል የላትም፣ ከጥቂት የዘይት ጠብታ በቀርም የምትበላው የላትም። የከረጢቱ ቀሪ ክፍል አየር ነው፤ ነፋስ እንዲወስደው የተበጀ ነውና።

እናቲቱ የስንቁን ጉድለት በልጆች ብዛት ለመሸፈን ትሞክራለች። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ኦርኪዶች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ በእንግሊዝ አገር ሜዳ ላይ የምትገኝ አንዲት ኦርኪድ በአንዱ ፍሬዋ 6,200 ያህል፣ በመላ ተክሏ ደግሞ ከ186,000 በላይ ዘር ልትይዝ እንደምትችል አስልቷል፤ ሁሉም ቢበቅሉ የልጅ ልጆቿ ልጆች የምድርን የብስ ሁሉ ለመሸፈን ጥቂት ብቻ እንደሚቀራቸውም ጽፏል። እንዳልሸፈኑ ግን ሁላችንም እናያለን። ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ሌላ 37 ዓመት ፈጅቷል። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1899 ኖኤል በርናር የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ወታደራዊ ግዳጁን በሚወጣበት ጊዜ፣ ሜይ 3 ቀን በፎንቴንብሎ ጫካ ውስጥ ሲዘዋወር፣ ሥሩ እንደ ወፍ ጎጆ የተጠላለፈና አረንጓዴ ቀለም የሌለው አንድ ኦርኪድ ያገኛል። የዚያ ተክል ፍሬ የተሸከመ ግንድ ወድቆ በረገፈ ቅጠል ሥር ተቀብሮ ነበር፤ በርናር ፍሬዎቹን ሲከፍታቸው ዘሮቹ እዚያው በውስጣቸው በቅለው አገኛቸው። ችግኞቹን ወደ ማይክሮስኮፕ ወስዶ ሲመረምር ሁሉም ፈንገስ የገባባቸው ሆኑ። ስንቁን የሚያቀርበው ሌላ ፍጡር መሆኑ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ፈንገሱ ከበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ስኳር ያመርታል፤ በፅንሷ አንድ ጫፍ በኩል ይገባል፤ በሴሎቿ ውስጥ እንደ ተጠቀለለ ክር ይከማቻል፤ ፅንሷም ጥቅልሉን ቀስ በቀስ ትፈጨዋለች። እንግዳ ገብቶ በባለቤቱ የሚበላበት ቤት ነው ለማለት ይቻላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና እንግዳው ባለቤቱን ይጨርሳል። በርናር በ1911 በ36 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ይህን ሚዛን ማን እንደሚጠብቀው ሳያጣራ የሚቀር ሰው አልነበረም።

ከእርሱ በፊት የነበሩ አትክልተኞች ግን ምክንያቱን ሳያውቁ ውጤቱን አግኝተው ነበር። በደብሊን ከተማ በግላስኔቪን የዕፅዋት ማዕከል ይሠራ የነበረው ዴቪድ ሙር፣ በ1849 በወጣ ጽሑፍ ኦርኪዶችን ከዘር ማብቀሉን አሳውቋል። በዚያ ዘመን የተለመደው ዘዴ ዘሩን በእናቲቱ ሥር፣ በዚያው ማሰሮ ላይ መበተን ነበር። ብዙ ሺህ ዘር ተበትኖ ጥቂት ችግኝ ይገኝ ነበር፤ የእናቲቱ ፈንገስ በማሰሮው ውስጥ ስለነበረ ነው። ዛሬም ዝቅተኛ ወጪ ለሚፈልግ ሰው ይህን መንገድ አልነቅፍም፤ ጊዜው ረጅም፣ ውጤቱም የዕድል ጉዳይ እንደሆነ አውቆ ይግባበት እንጂ።

ጠርሙሱን ያመጣው በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሉዊስ ክነድሰን ነው። በ1922 ባሳተመው ጥናት፣ ፈንገሱ ለፅንሷ የሚያደርገው ዋና ነገር ስኳር ማቅረብ ከሆነ ስኳሩን እኛው ልናቀርብላት እንችላለን ብሎ ተከራከረ፤ ማዕድንና ስኳር ያለበትን አጋር (ከባሕር አረም የሚወጣ፣ ውኃን እንደ ጄሊ የሚያረጋ ነገር) በጠርሙስ ውስጥ አፍልቶ፣ ከማንኛውም ተሕዋስ አጽድቶ ዘሩን በላዩ ዘራበት፤ በቀለም። በ1946 ያሻሻለው ቅመም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ 1 ግራም ካልሲየም ናይትሬት፣ ግማሽ ግራም አሞኒየም ሰልፌት፣ ሩብ ሩብ ግራም ፖታሲየም ፎስፌትና ማግኒዥየም ሰልፌት፣ እጅግ ጥቂት ብረትና ማንጋኒዝ፣ ከዚያም 20 ግራም ስኳር ይገባበታል። ከዝርዝሩ ውስጥ ከስኳሩ በቀር ሌላው ሁሉ ሲደመር ሁለት ግራም ከጥቂት መሆኑን ልብ በሉ።

እንግዲህ ከዘር ማብቀል ማለት ለዚህች ስንቅ ለሌላት ተጓዥ ስንቅ የሚያቀርብላትን መወሰን ነው፤ ፈንገስ፣ ጠርሙስ፣ ወይም እምብዛም በማይገኝ ሁኔታ ራሷ። ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ፣ በእኔ ልምድ ብዙ ሰው የሚወድቅበት፣ የቅዝቃዜው ጉዳይ ነው።

«ቀዝቃዛ አየር የሚወድ» የሚለው ቃል ሁለት ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ቅዝቃዜዎችን በአንድ ስም ይጠራል። ማስደቫሊያና ድራኩላ የሚባሉት የኮሎምቢያና የኢኳዶር ተራራ ኦርኪዶች ጭጋግ በማይለያቸው ደኖች ውስጥ ይኖራሉ፤ በዚያ ዓመቱ ሙሉ ደጋ ነው። ቀኑ አይሞቅም፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ውርጭ ግን ብዙም አይደርስባቸውም። በሌላ በኩል ሲፕሪፒዲየም የሚባሉት፣ አበባቸው ጫማ የሚመስል የአውሮፓ፣ የሰሜን እስያና የሰሜን አሜሪካ ኦርኪዶች እውነተኛ ክረምት ያያሉ፤ ግንዳቸው ይደርቃል፣ በረዶ ይለብሳቸዋል፣ ቡቃያቸው በመሬት ውስጥ ለወራት ተኝቶ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስገቧቸው ይሞታሉ፤ ሁለተኛዎቹን ሳታስገቡ ብትተዉአቸው አይነቁም። የእኛ ደጋ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በአውሮፓ ከተሞች ማስደቫሊያ የሚያበቅሉ ሰዎች በበጋ ወራት ሙቀቱን ለማብረድ ውኃ የሚረጭና አየር የሚያቀዘቅዝ መሣሪያ ሲያስገቡ፣ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ሌሊቱ ያለ ዋጋ ያቀዘቅዝልናል። ለሲፕሪፒዲየም ግን ደጋችን ምንም አይጠቅምም፤ ብርዳችን ለእርሱ ብርድ አይደለም።

ከሁለቱ መካከል የምትቆም አንዲት ኦርኪድ አለች፤ ላለፉት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደችው እርሷ ናት። ዲሳ ዩኒፍሎራ ትባላለች። አገሯ የደቡብ አፍሪካ ዌስተርን ኬፕ ሲሆን፣ ከኬፕታውን በላይ በሚታየው ጠረጴዛ መሰል ተራራና በአካባቢው ባሉ ተራሮች፣ በጅረት ዳርና ውኃ በሚንጠባጠብባቸው አለቶች ላይ ትበቅላለች። ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ እጅን ዘርግቶ የሚሞላ ቀይ አበባ ታወጣለች፤ አበባዋን የሚያዳቅለው ቀይ ቀለም የሚስበው አንድ ትልቅ ቡናማ የተራራ ቢራቢሮ ነው። የሚያጠጣት ውኃ ቀዝቃዛ፣ ጥቂት ኮምጣጣና ከማዕድን የነጻ ነው ለማለት የሚያስደፍር ነው። በእርሷ አገር ዝናብና ቅዝቃዜ የሚመጡት በጁን፣ በጁላይና በኦገስት ነው፤ በእኛም ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። የወቅቱ መንስኤ ፈጽሞ የተለያየ ቢሆንም ተክሏ የእኛን ክረምት እንደ አገሯ ክረምት ትቆጥረዋለች፤ ይህ ለእኔ ከተሰጡኝ ዕድሎች ሁሉ ትልቁ ነበር።

ዲሳ ዩኒፍሎራ ቀደም ብዬ ከተናገርኩት ሕግ ጥቂት ታፈነግጣለች። ዘሯ ከሌሎቹ ዘመዶቿ ዘር ገዘፍ ያለ ነው፤ በጅረት ዳር ስለምትኖር ነፋስን ሳይሆን ውኃን ተማምና፣ ዘሯ ተንሳፎ እንዲጓዝ አድርጋ ትሰድደዋለች። ፅንሷም የተሻለች ናት፤ ትንሽም ብትሆን ስንቅ አላት። ስለዚህ ያለ ጠርሙስ፣ ያለ ስኳርና ያለ አጋር፣ በእርጥብ ስፋግነም ላይ ትበቅላለች። ስፋግነም ውኃን እንደ ስፖንጅ የሚይዝ የረግረግ እጽ ነው፤ ደርቆ በከረጢት ይሸጣል።

አሠራሩን እንዳለ ልንገራችሁ። የደረቀውን ስፋግነም በዝናብ ውኃ ነክሬ፣ በመቀስ ከጥፍር ባነሰ ርዝመት ከታትፌ፣ ከታቹ በተበሳ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ አራት ጣት ያህል እሞላዋለሁ፤ ፊቱን በእጄ ጀርባ ለስለስ አድርጌ እደመድመዋለሁ። ዘሩን ከታጠፈ ወረቀት ላይ በጣት መታ መታ እያደረግሁ እበትነዋለሁ። ይህን በምሠራበት ጊዜ መስኮት አልከፍትም፣ ሰው አላናግርም፣ ከሁሉ በላይ አላነጥስም። ዘሩ አይሸፈንም፤ ብርሃን ያያል፣ ፀሐይ ግን አያገኘውም። በላዩ ግልጽ ፕላስቲክ ጣል አደርግና ሳህኑን ጥቂት ውኃ ባለበት ሌላ ሳህን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ቡናማው ዘር ያብጣል፤ መረቡ በጎኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም በኩል የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ትታያለች። ይህች ነጥብ ፕሮቶኮርም ትባላለች፤ ሥርም ቅጠልም አይደለችም፤ ገና ምን እንደምትሆን ያልወሰነች ተክል ናት። ከሥሯ ጸጉር መሰል ክሮች ታወጣለች፣ ጫፏ ይሾላል፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ቅጠል ትከተላለች። ሁሉ መልካም ከሆነ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ታብባለች፤ ለኦርኪድ ይህ እጅግ ፈጣን ነው።

ሁሉ መልካም የማይሆንባቸው ምክንያቶች ግን አሉ። የመጀመሪያውን ዘሬን ያገኘሁት ከደቡብ አፍሪካ አብቃይ፣ ተገቢው የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ተያይዞለት ነበር፤ ሆኖም ጥቅሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ሞቃት መጋዘን ውስጥ ፊርማ ሲጠብቅ ሳምንታት አለፉበት፤ የዲሳ ዘር ደግሞ ትኩስ ሆኖ ካልተዘራ ወይም ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልቆየ ጉልበቱ ቶሎ ያልቃል። ከዚያ ሁሉ ዘር የበቀሉት አሥራ አንድ ናቸው። ሁለተኛው ፈተና ውኃ ነው። በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው የቧንቧ ውኃ ለዲሳ አይሆንም፤ ቅጠሏ ከጫፉ ጀምሮ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ጉዳቱ ሲታይ ሥሩ ቀድሞ ሞቷል። እኔ የክረምቱን ዝናብ ከጣሪያ በርሜል ውስጥ አጠራቅማለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ግን ጣሪያውን አጥበው እንዲሄዱ እለቃቸዋለሁ። ማዳበሪያም ቢሆን በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን እንኳ አልሰጣትም። ርሀብ የለመደች ናት፤ ጥጋብ ይገድላታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላክል። ዲሳ የሚባለው ወገን በእኛም አገር አለ፤ ዲሳ ስኩቴሊፌራን የመሰሉ በደጋ ሣር ሜዳ የሚበቅሉ ዘመዶች አሏት። እነርሱ ግን በደረቅ ወራት መሬት ውስጥ ተደብቀው የሚቆዩ፣ ዘራቸውም እንደ አቧራ የደቀቀ ነው። የጅረቷን ዲሳ ያበቀልንበት ሳህን ለእነርሱም ይሆናል ብሎ የሚነሣ ሰው ቢኖር ዘሩን ከማባከን በቀር የሚያተርፈው የለም።

ለማስደቫሊያና ለመሰሎቿ ጠርሙስ የግድ ነው፤ ስለዚህ ወደ ማድ ቤት እንግባ። ስኳር ያለበት አጋር ለኦርኪድ ዘር ድግስ እንደሆነ ሁሉ ለሻጋታም ድግስ ነው፤ ሻጋታ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ የሚደርስበትን ቦታ ኦርኪድ በሦስት ወር አትደርስበትም። በመሆኑም አጋሩም፣ ጠርሙሱም፣ ዘሩም፣ እጅም ንጹሕ መሆን አለባቸው። መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ቃል ይናገራሉ፤ በእንፋሎት ግፊት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ። እኔም በእንፋሎት ግፊት በሚያበስለው ድስት ሃያ ጠርሙስ ለ20 ደቂቃ ቀቀልኩ፤ ዘራሁ፤ ደስ ብሎኝ በመደርደሪያ ደረደርኩ። በአሥረኛው ቀን ከሃያው አሥራ ሰባቱ ሳምንት በቆየ እንጀራ ላይ የምናየውን አረንጓዴና ነጭ ጥጥ አብቅለው አገኘኋቸው።

እጄን ጠረጠርኩ፤ አልኮሉን ጠረጠርኩ፤ ቤቱን ሁሉ አጠብኩ። ጥፋቱ የከፍታው ነበር። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በአዲስ አበባ በ92 ገደማ ይፈላል። ድስቱ የሚጨምረው ግፊት በዙሪያው ባለው አየር ግፊት ላይ የሚደመር ነው፤ የእኛ አየር ግፊት ደግሞ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ መለኪያው ያው ቁጥር ላይ ቢደርስም በውስጡ ያለው ሙቀት ከ117 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። አራት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ሙቀትን ለሚቋቋሙ የሻጋታና የባክቴሪያ ዘሮች ግን በሞትና በሕይወት መካከል ያለ ልዩነት ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ 40 ደቂቃ እቀቅላለሁ፤ በተከታዩ ዙር ከሃያ ጠርሙስ የተበላሹት ሦስት ናቸው። ደጋ ላይ የሚሠራ ሰው ከመጻሕፍቱ ይህን አያገኝም፤ ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው ዝቅ ባለ ምድር ነው የኖሩት።

አጋሩን እንደሚከተለው አዘጋጃለሁ። ለአንድ ሊትር ውኃ የክነድሰን ማዕድናት፣ 20 ግራም ስኳር፣ 7 ግራም አጋር፣ 1 ግራም የነጠረ ከሰል፣ ችግኝ ለማሳደጊያ በሚሆነው ላይ ደግሞ 50 ግራም የተፈጨ ሙዝ። ኮምጣጣነቱን በመለኪያ ወረቀት 5.5 አካባቢ አደርሰዋለሁ። ዘሩን የማጸዳው በሱቅ በሚሸጠው በረኪና ነው፤ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ከአንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጋር፣ አሥር ደቂቃ። ሳሙናው የሚያስፈልገው ዘሩ ውኃ የማያስገባ ስለሆነ ነው፤ ያለ እርሱ በፈሳሹ ላይ ተንሳፎ በመካከሉ የያዘው አየር ተሕዋሱን ሁሉ ደብቆ ይይዘዋል። ዘሩ ቡናማነቱ ሲሳሳ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። መዝሪያው ሳጥን ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ሲሆን፣ በጎኑ ሁለት የክንድ ቀዳዳ አለው። ምክሬ ይህ ነው፦ ሊጥ ያለበት ቡሃቃ በተቀመጠበት ማድ ቤት ይህን ሥራ ፈጽሞ አትሥሩት። ከእርሾው ጋር የሚወዳደር የለም።

ፍሬው ሳይከፈት መድረስ ከቻላችሁ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሊበስል የተቃረበውን አረንጓዴ ፍሬ ከውጭ በበረኪና አጥባችሁ፣ አልኮል አስነክታችሁ፣ በንጹሕ ምላጭ ትሰነጥቁታላችሁ። ውስጡ ምንም ተሕዋስ የለበትም፤ እናቲቱ አሽጋዋለች። ለቀዝቃዛ አገሮቹ ሲፕሪፒዲየሞች ይህ መንገድ ከመመቸት ያለፈ ጥቅም አለው፤ ዘራቸው ሲበስል ሽፋኑ ጠንክሮ ውኃ መግቢያ ይከለክላል፣ እንቅልፍ የሚያስወስድ ንጥረ ነገርም ይከማችበታል። ሳይበስል ከተያዘ ግን እንቅልፉ ገና አልወሰደውም።

የዚህን ዓይነት ኦርኪድ ትዕግሥት የሚያሳይ በእንግሊዝ የተፈጸመ ታሪክ አለ። ቢጫዋ ሲፕሪፒዲየም ካልሲዮለስ ለአበባዋ ሲባል እየተነቀለች ከብሪታንያ ጠፋች ከተባለች በኋላ፣ በ1930 በዮርክሻየር አንዲት ተክል ብቻ ተገኘች። ቦታው በምስጢር ተያዘ፤ በአበባ ወቅትም ጠባቂ ይቆምላት ጀመር። የኪው ዕፅዋት ማዕከል በ1983 በጀመረው ፕሮጀክት ዘሯን ሳይበስል እየወሰደ በጠርሙስ ማብቀል ቻለ። ችግኞቹ በጠርሙስ ውስጥ አድገው ቡቃያ ካበጁ በኋላ ወደ ላይ እንዲያድጉ ለወራት በማቀዝቀዣ፣ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት መቆየት ነበረባቸው፤ ያ ለእነርሱ ክረምታቸው ነው። ወደ ሜዳ ከተመለሱት መካከል የመጀመሪያዋ ያበበችው በ2000 ነው፤ ከተተከለች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። እኔ በበኩሌ ሲፕሪፒዲየም ለመሞከር ማቀዝቀዣዬን ከቤተሰቡ ቲማቲም ጋር እንዳካፍል ስለሚያስገድደኝ እስካሁን አልደፈርኩም።

ከጠርሙስ የማውጣቱ ጊዜ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው ዘሩ ከበቀለ ሥራው ያለቀ ይመስለዋልና። በጠርሙስ ውስጥ ያደገ ችግኝ ሁልጊዜ በጭጋግ መካከል የኖረ ነው፤ ቅጠሉ ውኃን የሚቆጥብበት ሰም በቅጡ አልለበሰም፣ በሽታም አያውቅም። በኅዳር ወይም በታኅሣሥ፣ አየሩ ደርቆ ከንፈር በሚሰነጠቅበት ወቅት ብታወጡት በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠወልጋል። እኔ ሁለት ጊዜ በጥድፊያ በታኅሣሥ አውጥቼ ሁለቱንም ጊዜ ከግማሽ በላይ አጥቻለሁ። ስለዚህ አሁን ወደ ኋላ እቆጥራለሁ፤ የማስደቫሊያ ችግኝ ከመዘራት እስከ መውጣት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይፈጅበታል፣ መውጫው ሰኔ መጨረሻ እንዲሆን መዝሪያው ታኅሣሥ አካባቢ ይሆናል። በሐምሌ የሰፈራችን አየር ራሱ የኮሎምቢያ ተራራ ነው። አጋሩን ለብ ባለ የዝናብ ውኃ ከሥሩ አጥቤ አስወግዳለሁ፤ የቀረ ስኳር ሻጋታ ይጠራልና በዚህ አልቸኩልም። ከዚያ ችግኞቹን ተጠጋግተው በአንድ ማሰሮ፣ በስፋግነምና በደቃቅ የዛፍ ቅርፊት ላይ እተክላቸዋለሁ፤ ተራርቀው ከተተከሉት ይልቅ ተቃቅፈው የተተከሉት ሲበረቱ አይቻለሁ። የሸፈናቸውን ፕላስቲክ በየሁለት ቀኑ በጣት ስፋት እየከፈትኩ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ አነሣዋለሁ። አበባቸውን ለማየት ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ ነው።

በመጨረሻ ስለ እኛው ኦርኪዶች ጥያቄ እንደሚነሣ ስለማውቅ አስቀድሜ ልናገር። በደጋ ደኖቻችን ዛፎች ላይ ኤራንጊስ ቶምሶኒ የምትባል፣ በምሽት የሚሸት ነጭ አበባ ያላት ኦርኪድ ትገኛለች፤ ከአበባዋ ጀርባ የተንጠለጠለው ረጅም ቱቦ ማሩን በረጅም ምላስ ለሚቀዳ የሌሊት የእሳት ራት ያስቀመጠችበት ነው። ከነቅርንጫፏ ተቆርጣ በመንገድ ዳር ስትሸጥ ያያችሁ ትኖራላችሁ። እንዲህ የተቆረጠች ተክል በከተማ ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ ዓመት አትሞላም። ኢትዮጵያ በ1989 የገባችበት ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የዱር ኦርኪዶችን ንግድ የሚቆጣጠር ሲሆን፣ በንጹሕ ጠርሙስ የበቀሉ ችግኞችን ግን ለአብዛኞቹ ዝርያዎች ከዚህ ቁጥጥር ነጻ ያደርጋቸዋል። ሕጉ ይህን ሲያደርግ አብቃዩን ከነቃዩ ለይቶ ማየቱ ነው። ተገቢው ፈቃድ ያለው ሰው ከአንዲት ተክል ላይ አንድ ፍሬ ብቻ ወስዶ እናቲቱን በዛፏ ላይ ቢተዋት፣ በእጁ የሚገባው ዘር ለዚህ አዳራሽ ሰው ሁሉ ተርፎ ይበዛል፤ እኔም በተገኘ አንድ ፍሬ ዐሥር ጠርሙስ ዘርቼ፣ ስድስቱ ዛሬ አረንጓዴ ሆነዋል።

ከመካከላቸው አንዱን ይዤ መጥቻለሁ፤ ከጤፏ ወረቀት አጠገብ ያለው ነው። ቀርባችሁ ስታዩት ክዳኑን እንዳትከፍቱብኝ አደራ እላለሁ፤ ማጉያ መነጽሩ በስተቀኙ አለ። ከታች በስተግራ ጥግ ላይ ከሌሎቹ የምትበልጠዋ ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ቅጠሏን አውጥታለች።